የእትዬ ብርቄ ጸበልና የማይ ማሂው ቁልቁለት

ያኔ ማን እንደነበርኩ ካልነገርኳችሁ የሆነው ነገር በቅጡ አይገባችሁም። ጉረኛ ነበርኩ። ሌላ ለስለስ ያለ ቃል ፈልጌ አጥቻለሁ። ቀን ቀን ናይሮቢ ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ጭነት ተረካቢ ነኝ። ከሥራ መልስ ግን ካሳራኒ በተከራየነው ቤት ግቢ ውስጥ ሞተር ብስክሌቴን የምፈታና የምገጥም፣ ራሴን በራሴ ዋና መካኒክ ብዬ የሾምኩ ሰው ነበርኩ። ዘመኑ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አምስት ወይም ስድስት ነው፤ ቦዳቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ናይሮቢን ገና አላጥለቀለቃትም። በግቢያችን ሞተር ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ጎረቤቶቼ "ፉንዲ" ይሉኝ ነበር፣ ባለሙያ ማለታቸው ነው። ስሜ ዳንኤል መሆኑን የሚያውቅ ያለም አይመስለኝም። እኔም ደስ ይለኛል! ፉንዲ ሲሉኝ ሸሚዜ ይጠበኝ ነበር።

ሞተሯ አሮጌ ጃፓን ሠራሽ ናት። ዳገት ላይ ፍየል ናት፤ መቆም ላይ ግን አታምጣ ነው። የፊት ፍሬኗ የድሮው ዓይነት፣ ጎማው እምብርት ውስጥ ያለ ሸራ እየተጫነ የሚያቆም ነበር። ዝናብ ከነካው ጨርሶ አይዝም። ባለቤቴ ሰናይት ከኋላዬ ተቀምጣ፣ ቲካ ሮድ ላይ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ድንገት ከፊታችን ገጭ ብሎ ሲቆም፣ ጎኔን እየቆነጠጠች አበለዘችው።

"ይህን ነገር ወይ አሠራው ወይ ሽጠው" አለችኝ አንድ ቀን።

አሠራው? እኔ እያለሁ? ሞቼ ነው!

ግሮጋን ከሚባለው የአሮጌ ዕቃ ሰፈር ሄጄ፣ ከተጋጨች የእሷው ቢጤ ሞተር ላይ የወለቀ የፊት እግር ከነዲስክ ፍሬኑ አገኘሁ። ዲስክ ፍሬን ማለት፣ ለማታውቁት፣ እጀታውን ስትጨብጡት በቀጭን ቱቦ ያለው የፍሬን ዘይት ሄዶ ፓስቲሊያ የሚባሉ ሁለት የፍሬን ንጣፎችን ከጎማው ጋር በሚዞር የብረት ሳህን ላይ የሚያጣብቅ ነገር ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አሸዋ ወረቀትና ብሩሽ ይዤ ዝገት ስፍቅ፣ የተበላ የላስቲክ ማሸጊያ ስቀይር፣ ቱቦ ስገጥም ከረምኩ። መመሪያ መጽሐፉን ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ተውሼ እያነበብኩ ነው። መጽሐፉ ስለ ፍሬን ዘይት በሚያወራበት ገጽ ላይ አንድ ነገር በወፍራም ተጽፏል፦ ውሃ እንዳይነካው። አንብቤዋለሁ። አላነበብኩም ብዬ አልዋሽም።

የመጨረሻው ሥራ ስፑርጎ ነው። ከላይ መሪው ላይ ባለችው ትንሽ ጽዋ ዘይት እየሞላህ፣ ከታች ብሎኑን ላላ እያደረግህ በቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር ማስወጣት ማለት ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ይህንኑ ስሠራ፣ የጽዋዋ ክዳን በእጄ እንዳለ፣ እትዬ ብርቄ በግቢው በር ገቡ።

እትዬ ብርቄ ሰናይት የምትሠራበት፣ ሁርሊንግሃም ያለው ምግብ ቤት ባለቤት ናቸው። ባለቤት ልበላቸው እንጂ ለእኛ እናት ናቸው። ናይሮቢ ስንገባ ያሳደሩን እሳቸው፣ ሲያመን የጠየቁን እሳቸው፣ ስንጣላ ያስታረቁን እሳቸው። በማግስቱ ቅዳሜ እኔና ሰናይት ናይቫሻ ድረስ አራስ ልንጠይቅ ነበር፤ የሰናይት አብሮ አደግ ትዕግሥት ወልዳ፣ ባሏ በሚሠራበት የአበባ እርሻ መኖሪያ ቤት ተኝታለች። እትዬ የመጡት ለአራሷ የሚሆን ቅቤና የገንፎ ዱቄት ሊሰጡን ነው።

"ዳኒዬ፣ በዚህች ነው ልጄን የምትወስዳት?" አሉ ሞተሯን ዙሪያዋን እያዩ።

"አይዞዎት እትዬ፣ አዲስ ፍሬን ገጥሜላታለሁ። አሁን በአንድ ጣት ነው የማቆማት።"

"ወግድ! በጣት ነው የሚቆመው? እሱ ሲያቆም ነው የሚቆመው።" ይህን ብለው ከቦርሳቸው ጠርሙስ አወጡ። ከአገር ቤት ሰው ያመጣላቸው፣ ለክፉ ቀን የሚቆጥቡት ጸበል ነው።

የእትዬ እጅ ቸር ነው። ወጥ ሲጨልፉም እንዲሁ ናቸው። በስመ አብ ብለው ጀመሩና ከፊት መብራቱ እስከ መቀመጫው ረጩት። ረጩት አይባልም፣ ደፉት። በመሪው ላይ ሲያልፉ አንድ ጉንጭ የሚሆን ጸበል በተከፈተችው ጽዋ ውስጥ ዘው ብሎ ገባ።

አየሁት። ዓይኔ እያየ ነው የገባው።

አሁን እንግዲህ ፍረዱኝ። መደረግ ያለበት ነገር ግልጽ ነበር፤ ዘይቱን መድፋት፣ አጥቦ በአዲስ መሙላት። ግን የት ነው የምደፋው? ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ ሰው ሁሉ በጫማው የሚረግጠው፣ የልብስ እጣቢ የሚወርድበት፣ መጨረሻው ቱቦ። ጸበል እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም፣ ይህን ከልጅነታችን ጀምሮ ተቆንጥጠን ነው የተማርነው። ደግሞስ እትዬን ምን ልበላቸው? "ጸበልዎ ዕቃዬን አበላሸብኝ" ብዬ በየትኛው አፌ ልናገር? እሳቸው በደስታ ፊታቸው በርቶ "አሁን ሂዱ፣ ምንም አይነካችሁም" እያሉ ነው።

ክዳኑን ገጠምኩት።

ስፑርጎውንም እንደ ነገሩ ጨረስኩ። እጀታውን ጥቂት ጊዜ ብቻ ጨብጬ፣ ጸበሉ ዞሮ በታች በኩል ወደ ቆሻሻው ጠርሙስ እንዳይወጣብኝ ብዬ ብሎኑን ቶሎ አጠበቅሁት። እንዲያ በማድረጌ ውሃውን ልክ የማይሆንበት ቦታ፣ ፓስቲሊያዎቹ ጋ አስቀመጥኩት። ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ፤ ፍሬኑ ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ውሃ ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ ከዘይቱ ጋር ተስማምቶ ይሠራል፣ ጉዱ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ነው፤ እንፋሎት ይጨመቃል እንጂ ፓስቲሊያ አይገፋም።

ሰናይት ከቤት ብቅ አለችና "ጨረስክ?" አለችኝ።

"ጨረስኩ።"

ቅዳሜ ጠዋት ተነሳን። ዕቃው በእኔና በእሷ መካከል ነው። ሊሙሩ ስንደርስ ብርድ፣ ጉም፣ የሻይ ማሳ። ከዚያ መንገዱ ወደ ታችኛው የማይ ማሂው አቅጣጫ ይታጠፍና ድንገት መሬቱ ያልቃል። ያዩ ያውቁታል። ስምጥ ሸለቆው ከእግራችሁ ሥር ይዘረጋል፤ ዛፉ ነጥብ፣ መኪናው ጉንዳን፣ በስተወዲያ ሎንጎኖት ተራራ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ሰናይት ጆሮዬ ጋ ጠጋ ብላ "ወይ የእግዜር ሥራ!" አለች። እኔም አልኩ። ከዚያ ቁልቁለቱን ያዝነው።

በኬንያ የሚነዳው በግራ ነው፤ በዚያ ቁልቁለት ደግሞ በግራ ያለው ገደል ነው። በቀኝ ከባድ መኪኖች እያቃሰቱ ሽቅብ ይመጣሉ። እኔ አዲሱን ፍሬኔን ተማምኜ እጄን ከእጀታው አላነሳሁም፤ ሳብ እንዳደረግሁት አንድ አሥር ደቂቃ ወረድን። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የተቃጠለ ነገር ሽታ። የመኪኖቹ ነው ብዬ ናቅሁት። ቀጥሎ እጀታው ትንሽ ለስለስ አለብኝ። ቀጥሎ አንድ ጥምዝ ላይ ጨበጥኩት፣ እስከ መሪው ድረስ መጣ። ባዶ። ምንም የለም።

ደግሜ ጨበጥኩ። ባዶ።

የኋላውን ፔዳል ረገጥኩ። የኋላው ሸራ ማለቁን አውቃለሁ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ልቀይረው ነበር። ትንሽ ያዝ አደረገና ጭሶ ተወው። ማርሽ ቀነስኩ፤ ያቺ ዓይነት ባለ ሁለት ምት ሞተር ነዳጅ መስጫውን ስትለቀው እንደ መኪና አትይዝም፤ ጮኸች እንጂ አልቀነሰችም።

"ሰናይት፣ አጥብቀሽ ያዢኝ።"

"ምን ሆንክ?"

"ፍሬን የለም።"

ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። "እመቤቴ" አለች አንዴ፣ ከዚያ ሄልሜቷን ከጀርባዬ ለጠፈች። ክንዶቿ ሆዴ ላይ ሲቆለፉ የማስታውሰው አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፦ ይህችን ሴት ገደልኳት።

ጥምዙን ስንጨርስ ከፊታችን የድንች ጆንያ እስከ አፉ የጫነ አሮጌ ከባድ መኪና በዝግታ ይወርዳል። እኛ ስልሳ ሳንሆን አንቀርም፣ እሱ ሃያ ቢሆን ነው። በቀኝ ልለፍ ስል አውቶቡስ ሽቅብ ይመጣል። በግራ አየር ነው። ጆንያው ላይ ተቀምጠው የነበሩ ሁለት ጫኝ አውራጆች አዩን። አንዱ እጁን አውለበለበ፤ እኔ ባዶውን እጀታ ደጋግሜ እየጨበጥኩ ራሴን ነቀነቅሁ። ሰውዬው ገባው። በጆንያው ላይ ተንበርክኮ የጋቢናውን ጣሪያ በጡጫ ይደበድብ ጀመር።

አሁን የምነግራችሁን ነገር እስከ ዛሬ ሳስበው ጸጉሬ ይቆማል።

ከባድ መኪና ቁልቁለት የሚወርደው በከባድ ማርሽ ነው፤ የሚይዘው ማርሹ ነው እንጂ ፍሬኑ አይደለም። ያን ማርሽ መሐል ቁልቁለት ላይ ከለቀቀ መልሶ ላይገባለት ይችላል። ካልገባለት ደግሞ መኪናውም ጭነቱም ሾፌሩም ገደል ናቸው። ይህን የማያውቅ ሾፌር በዚያ መንገድ የለም። እና የመኪናው ሞተር ድምፅ ሲለወጥ ሰማሁ፣ ማርሽ ሲቀየር። መኪናው ከእኛ መሸሽ ጀመረ።

እንኳን ሸሸልን፣ ቢያንስ አንጋጭም አልኩ በልቤ። የሚሸሽ ነበር የመሰለኝ።

አልሸሸም። ሠላሳ ሆነ፣ አርባ ሆነ፣ ከዚያ በላይ ሆነ። በመካከላችን ያለው ርቀት መጥበቡን ቀጥሏል፣ ግን በቀስታ፣ በጣም በቀስታ። ከኋላው በገመድ የተንጠለጠለ አሮጌ ጎማ አለ። ሰውዬው በመስታወቱ እያየኝ ፍጥነቱን ከፍጥነቴ ጋር ያስተካክል ነበር! ያን ሁሉ ጭነት ይዞ፣ በዚያ ቁልቁለት፣ ለማያውቃቸው ሁለት ሰዎች። የፊት ጎማዬ ያን የተንጠለጠለ ጎማ ነካው፤ እናት የተኛ ልጇን ስታስቀምጥ እንደምትነካው ነው የነካው። ሁለተኛው ጫኝ በመኪናው መሰላል ወርዶ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ በሌላው የመሪዬን መሐል ጨበጠ። "ሺካ! ሺካ!" ይላል፣ ያዝ ማለቱ ነው። ለእኔ ይበል ለራሱ አላውቅም።

ከዚያ ማርሹ ሲገባ ሰማሁ። መጀመሪያ ጥርስ የሚያፋጭ ድምፅ፣ አልገባም። ሁለተኛም አልገባም። ሦስተኛው ገባ። መኪናው አቃሰተ፣ እኛም ከኋላው ተደግፈን አብረን አቃሰትን። ቀነሰ። ደግሞ ቀነሰ። የበግ ቆዳ የሚሸጡ ሰዎች ያሉበት ሰፊ የጠጠር ጥግ ላይ ወጣና ቆመ። ቆምን።

ሞተሯን አጠፋሁ። ሰናይት ከኋላዬ ወርዳ ጠጠሩ ላይ ተቀመጠች፣ የቅቤውን ዕቃ እንደታቀፈች።

ሾፌሩ ወረደ። ሹራብ የለበሰ፣ ስድሳ ያለፈው ሽማግሌ ነው፤ ካሪዩኪ ይባላል። አልተቆጣም፣ አልተጣደፈም። መጀመሪያ የራሱ ጎማ ሥር ድንጋይ አስቀመጠ፤ ጎማዎቹ ይጨሳሉ። ቀጥሎ ወደ ሰናይት ሄዶ "ማማ፣ ደህና ነሽ?" አላት። ከዚያ ወደ ሞተሯ ጎንበስ ብሎ የፍሬኑ ሳህን ላይ እንትፍ አለ። ጭስስ አለ።

"ፉንዲው ማነው?" አለ በስዋሂሊ።

ያን ቀን ብቻ ያ ስም አስጠላኝ። "እኔ ነኝ" አልኩት።

አጠገቤ ተቀመጠ። ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን። ከዚያ "ጨብጠው" አለኝ። እጀታውን ጨበጥኩት፤ ጠንካራ ነው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። የቀዘቀዘው ነገር ወደ ቦታው ተመልሷል። ካሪዩኪ ካቻቢቴ አምጥቶ የጽዋዋን ክዳን ፈታ፣ ጣቱን ነከረ፣ አሸት አሸት አደረገና ቀና ብሎ አየኝ።

"ማጂ" አለ። ውሃ።

ሰናይትም ሰማች። ውሃ እንዴት ገባ ብላ ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች። ልዋሽ እችል ነበር፤ ዝናብ ነው ማለት ይቻል ነበር።

"ትናንት እትዬ ሲረጩ ገባ" አልኳት። "አይቼ ዘጋሁት።"

"አይተህ?"

"አይቼ። መሬት ላይ መድፋት ፈራሁ።"

"የፈራኸው ጸበሉን ነው እትዬን?"

"ሁለቱንም።"

ሸለቆውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች። "ለእኔስ?" አለች።

የጽዋዋን ክዳን አንስቼ አቧራውን ጠረግሁ።

ካሪዩኪ ምን እንደምንነጋገር ጠየቀ፤ በተሰባበረ ስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ይስቅብኛል ብዬ ነበር። ባርኔጣውን አወለቀ። የራሱን የፍሬን ዘይት ከጋቢናው አምጥቶ አብረን ስፑርጎ አደረግነው፣ እሱ እጀታውን፣ እኔ ብሎኑን፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ። የወጣውን በቆርቆሮ ተቀበልነው። "ይህ የት ይደፋ?" ብሎ የጠየቀው ሰናይትን ነው። ከመንገዱ ራቅ ያለ፣ ሰው የማይረግጠው የዛፍ ሥር አሳየችው። ሄዶ በጎማ መፍቻው ብረት ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው፤ አፈሩንም በእጁ አለበሰው።

ሲመለስ "ለምን ማርሹን ለቀቁ?" አልኩት። "ባይገባልዎትስ?"

ትከሻውን ነቀነቀ። "እኔ የጫንኩት ድንች ነው" አለኝ። "አንተ የጫንከው ሰው ነው።"

ሄልሜቴን አነሳሁ። ሰናይት አላነሳችም። "ሌላ የደበቅከኝ ነገር አለ?" አለችኝ።

"የኋላው ሸራ አልቋል" አልኩ።

የቅቤውን ዕቃ ይዛ ሄዳ የካሪዩኪ ጋቢና ውስጥ ገባች። እስከ ማይ ማሂው ከተማ ከእሱ ጋር ወረደች፤ እኔ ብቻዬን ከኋላ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ በእግሬ እየዳበስኩ ነበር የወረድኩት። ከዚያ እሷ በማታቱ ናይቫሻ ገባች። አራሷን በተለያየ ሰዓት ጠየቅናት።

ናይሮቢ ስንመለስ እትዬ ብርቄ ሰምተው እልልታቸውን አቀለጡት። "አላልኳችሁም? ጸበሉ ነው ያዳናችሁ!" አሉ። አዎ ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን ለእሳቸውም ነገርኳቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። አለቀሱ። የጠበቅሁት ቁጣም አልመጣም።

"እኔን አፍረህ ነው?" አሉኝ። "ልጄ፣ ጸበል እኮ ሞልቷል። 'እትዬ ገባ' ብትለኝ እኔው ራሴ ዛፍ ሥር አፍስሼ፣ አንተ ዘይትህን ትሞላ፣ ከዚያ ክዳኑን ዘግተን ደግሜ እረጭልህ ነበር። አንድ ቃል እኮ ነው።"

አንድ ቃል። ሚስቴን ከገደል አፋፍ ያደረሳት ያልተናገርኩት አንድ ቃል ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሞተር ላይኖራችሁ ይችላል። ግን በቤታችሁ በእጃችሁ የምትሠሩት፣ ሌላ ሰው ተማምኖ የሚቀመጥበት ነገር አይጠፋም። የጋዝ ሲሊንደር ትገጥማላችሁ፣ የመብራት ገመድ ትቀጥላላችሁ። የሠራችሁት ሲበላሽ ማንም ይበላሽበታል፣ ነውር የለውም። እኔን ያስፈራኝ፣ መበላሸቱን እያወቅሁ ይሉኝታ ክዳን ሆኖኝ መግጠሜ ነው። እግዚአብሔርን ፈርቼ ነው እል ነበር ለራሴ። ፈሪሃ እግዚአብሔር ምን እንደሆነ ያየሁት ግን ካሪዩኪ ማርሹን ሲለቅ ነው። ጋቢናው ውስጥ ያን ጊዜ ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ ሰው እንዲህ መሆን እንደሚችል ግን አላውቅም ነበር።

ሞተሯን አልሸጥኳትም። የኋላውን ሸራ ቀየርኩ፣ ፊቱን ደግሜ ፈትቼ ገጠምኩ፣ ግሮጋን ያለ አንድ አዛውንት መካኒክም እንዲያይልኝ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰድኳት። ሰናይት ግን አንድ ዓመት ያህል አልተቀመጠችባትም። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄልሜቷን ከቁም ሳጥኑ አውጥታ አቧራውን ጠረገችና ወደ ግቢው መጣች።

"እትዬ ጋ እንሂድ" አለችኝ።

አንድ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። ግን ጠዋት የፊት ጎማው ላይ የጥፍር ያህል ስንጥቅ አይቻለሁ። ከካሳራኒ ሁርሊንግሃም ድረስ ምንም አይልም ብዬ ነበር ለራሴ።

"የፊት ጎማው ተሰንጥቋል" አልኳት። "ማክሰኞ ነው የምቀይረው።"

ጎንበስ ብላ ስንጥቁን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ሄልሜቷን መሪው ላይ ሰቀለችው።

"እንግዲያው ረቡዕ እንሄዳለን" አለች።